የግራ ትከሻ ስፌት

«አንድ የተቀደደ ዩኒፎርም አምጥተው ያሳዩኝ፤ ያን ጊዜ ሥራዬን በገዛ እጄ እለቃለሁ አልኳቸው» አለ ወንድሟ፣ ዳቦውን ሻዩ ውስጥ እየነከረ። ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «እነማንን?» አለችው። «እናቶቹን ነዋ፣ የወላጅ ኮሚቴ ተብዬዎቹን። ልጆቻችንን ይገርፋል፣ እየጎተተ ዕቃ ቤት ያስገባል ብለው ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ስብሰባ ጠርተውልኛል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። ልጅ ሲጎተት ልብሱ ሳይቀደድ ይቀራል እንዴ? ይኸው ልጆቻችሁ፣ ይኸው ልብሳቸው፣ ቀርባችሁ እዩ አልኳቸው።» ብርጭቆውን ጨለጠና ፊሽካውን አንገቱ ላይ አጠለቀ። ጎህ ሲቀድ ተነስታ የተኮሰችለትን ሸሚዝ በመስተዋት አየት አድርጎ፣ «እታለም፣ የማታውን ምስር እንደ ትናንቱ አታቅጥኚው፣ ምስሩን ለማግኘት ዋና መቻል ያስፈልግ ነበር» ብሏት ወጣ። እሷም ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ግን ብዙ አልቆየም፤ መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተተከለ፣ እግሯ ፔዳሉ ላይ እንዳለ፣ ስለ ተቀደደ ዩኒፎርም ያለውን መልሳ አሰበች።

ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሁለት ክፍል ነው። የውስጠኛው የወንድምየው ነው፤ የፊተኛው ቀን ቀን የስፌት ቤት፣ ማታ ማታ የእሷ መኝታ ይሆናል። መኪናዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ከጎኗ የክር ሳጥን፣ ከሳጥኑ በላይ ሦስት ሱሪና አንድ የሙሽራ ቀሚስ የተንጠለጠሉበት ገመድ አለ። የሙሽራዋ ቀሚስ እንኳ ከተሰቀለ አምስት ወሩ ነው፤ ሠርጉ ይፍረስ ይዘግይ የነገራት ሰው የለም። ደንበኞቿ መጥተው «ደረሰልኝ?» ይላሉ እንጂ «እንዴት አደርሽ» አይሏትም። ሰላምታውን ሁሉ የምታገኘው ከወንድሟ ነው። እሷ ሃምሳ ሦስት፣ እሱ አርባ አንድ ዓመቱ ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ጡት የተወ ሕፃን ስለነበረ፣ ያሳደገችው እሷ ናት ቢባል ውሸት አይሆንም። አንዴ አግብቶ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው ሻንጣውን ይዞ ወደ እህቱ ተመለሰ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቀችውም፣ እሱም አልነገራት። በመካከላቸው ዝም አይነቅዝም የሚለው ተረት እንደ ቤት ሕግ የጸና ነው።

ወንድምየው በሰፈሩ ትምህርት ቤት የተማሪዎች ሥነ ሥርዓት ተቆጣጣሪ ነው። ልጆቹ ከኋላው «ጋሽ ፊሽካ» ይሉታል። ሁለት ዓመት ሆነው፤ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ «እታለም፣ አንዳንድ ድሃ ልጆች አሉ፣ ዩኒፎርማቸው ይቀደድና እናቶቻቸው እንዳይቆጧቸው ይሳቀቃሉ። በእረፍት ሰዓት ልላክልሽ፣ ስፊላቸው፤ የክሩን እኔ እችላለሁ» አላት። የክር ዋጋ በዓመት ውስጥ እጥፍ በሆነበት ጊዜ እንዲህ የሚል ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም። ልቧ በኩራት ሞላ። ወንድሜ ላይ ላዩን ኮስታራ ነው እንጂ ሆዱ ቡቡ ነው ብላ፣ ሰሚ ስላልነበራት ለራሷ ነገረችው። ከዚያ ወዲህ በሳምንት አንድም ሁለትም ልጅ ደረጃውን እየወጣ ይመጣል። እሷም የመጣውን ሁሉ በጥንቃቄ ትሰፋለች፤ ምክንያቱም የእሷ ጥበብ እዚህ ላይ ነው። ክሩን ከጨርቁ ቀለም ጋር በቀን ብርሃን አስተያይታ ትመርጣለች፣ የተቀደደውን ጠርዝ ከጠርዝ ጋር ትገጥማለች፣ ከላይ ሲያዩት ምንም ያልደረሰበት አስመስላ ትመልሰዋለች። «መሰፋቱ ከታወቀ አልተሰፋም» የሚል አባባል አላት። ሲያመሰግኗት ደስ ይላታል፤ የሚያመሰግናት ግን ያው ወንድሟ ብቻ ነው።

አራት ሰዓት ላይ በሩ በቀስታ ተንኳኳ። አንዲት ልጅ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ትሆናለች፣ ሹራቧን እስከ አገጯ ቆልፋ፣ ሸሚዟን በጋዜጣ ጠቅልላ ቆማለች። ማዶ ገበያው ውስጥ ያለችው የአትክልት ሻጭ ልጅ መሆኗን በፊቷ አወቀች፤ ያንኑ የእናቷን ሰፊ ግንባር ነው ይዛ የተወለደችው። «ጋሽ… ተቆጣጣሪው ናቸው የላኩኝ። ደወል ሳይደወል አድርሽልኝ ብለው ነው። ዛሬ ስብሰባ አለ አሉ» አለች፤ እንደታዘዘችው ሳትሳሳት ጨረሰች። ልብስ ሰፊዋ ጋዜጣውን ፈታ ሸሚዙን ዘረጋችው። ከአንገትጌው ሥር ጀምሮ በግራ ትከሻ በኩል እስከ እጅጌው መጋጠሚያ ተተርትሯል።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ወድቄ ነው።»

«ስትወድቂ ትከሻሽ ነው የሚቀደደው?»

ልጅቷ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች ትንሽ አሰበች። «ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንወድቀው» አለች።

ሻይ ልስጥሽ አለቻት፣ አልፈልግም አለች። ክፍሉ ስለሚሞቅ ሹራብሽን ፍቺው ብትላትም ልጅቷ ቁልፉን በሁለት እጇ ያዘች። በርጩማው ላይ ስትቀመጥ ግን ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ደገፍ ሳታደርግ፣ የአንድ ወገን ዳሌዋን ብቻ አሳርፋ ነው። እጅጌዋ ወደ ላይ ሲሸበሸብ ክንዷ ላይ የአውራ ጣት ስፋት ያለው የበለዘ መስመር ታየ። የውሃ ጎማ ያረፈበት ገላ ነው። ልብስ ሰፊዋ እንዲህ ያለውን መስመር ታውቀዋለች፤ ከየት እንደምታውቀው ግን በዚያች ደቂቃ ልታስታውስ አልወደደችም።

ሸሚዙን በወንበሩ መደገፊያ ላይ፣ ሰው እንደለበሰው አድርጋ አጠለቀችው። ከወንበሩ ኋላ ቆመች። ቀኝ እጇ ጎማ እንደያዘ ቆጥራ፣ በግራ እጇ ትከሻውን ጨመደደችና ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው። ጣቶቿ ቅዱ ላይ ልክክ ብለው ገቡ። ሌላውን ሸሚዝ አሰበች፣ የባለፈው ሳምንቱን፤ ከዚያ በፊት የነበረውን የትንሹን ልጅ ሸሚዝ፤ ከዚያም በፊት። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ የቀኝ ትከሻ ሰፍታ እንደሆነ ልታስታውስ ሞከረች። አንድም አልነበረም። ይህን ሁሉ ጊዜ እንዴት ሳላየው ቀረሁ አለች፤ ወዲያው ደግሞ አፈረች፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ሥራዋ ጨርቅ ማየት ነው፣ ጨርቁን አይታለች። ልጆቹን ነው ያላየቻቸው፤ ልጅ ሲመጣ እሷ ልብሱን ተቀብላ ወደ ብርሃኑ ትዞራለች።

ሰፋችው። እውነቱን መናገር ካስፈለገ ከወትሮው አሳምራ ነው የሰፋችው። እንደተቀደደ ብትሰጣት ልጅቷ ምን እንደሚጠብቃት አሁን ገብቷታል፤ ሌላ የምታደርገው ነገር ቢኖርም እጇ ሌላ ነገር አያውቅም። መጨረሻው ላይ እንደ ልማዷ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መልሳ ቋጠረችው። ልጅቷ ሸሚዙን ተቀብላ ትከሻውን አየችና ባለሙያዋን ቀና ብላ ተመለከተቻት። «እናቴ አታውቅም፤ ምንም አይታይም» አለች። ምስጋና መሆኑ ነው። ደረጃውን አንድ በአንድ እየረገጠች ወረደች።

ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን ሸፈነች። በጠራራ ፀሐይ መኪናዋን ሸፍና የወጣችበትን ቀን እሷም አታስታውስም። ገበያው ከመንገዱ ማዶ ነው። ቲማቲሙ እንደገና ጨምሯል፤ ሰው ሁሉ ዋጋ እየጠየቀ ያልፋል እንጂ አይቆምም። አትክልት ሻጯ የበሰበሰውን ሽንኩርት ከደህናው እየለየች ነበር። ልብስ ሰፊዋ ከፊቷ ቆመች። ስለ ድንች ጠየቀች። ስለ ካሮት ጠየቀች። መጨረሻ ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ልጅሽን ይመቷታል» አለቻት።

«ለቀባሪው አረዱት» አለች አትክልት ሻጯ፣ እጇን ሳታቆም። «እኛ ሳናውቅ ቀርተን ነው ስብሰባ የጠራነው? ሌሊት በእንቅልፏ ትጮሃለች። ትምህርት ቤት ስትሄድ ሆዴን ትላለች። ስትጠየቅ ወድቄ ነው። ሁሉም ወድቄ ነው። ርዕሰ መምህሩ ማስረጃ አምጡ ይለናል። ሴት ልጄን በወንድ ሁሉ ፊት ልብሷን አውልቄ ላሳይ? እሱ ደግሞ የተቀደደ ልብስ አሳዩኝ ይላል። ልብሱማ ደህና ነው። ጠዋት እንደሰጠኋት ነው የሚመለሰው፣ እኔ ራሴ ነኝ የማጥበው፣ አንድ ነገር የለበትም። አንዳንዴ ምናልባት እኔ እያበድኩ ይሆን እላለሁ።»

«እኔ ነኝ የምሰፋው» አለች ልብስ ሰፊዋ።

የአትክልት ሻጯ እጅ ሽንኩርቱ ላይ ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። ልብስ ሰፊዋ ስድብ ጠብቃ ነበር፤ ቢሰድቧት ይቀላት ነበር። አትክልት ሻጯ ግን «ስንት ጊዜ?» ብቻ አለቻት። «አልቆጠርኩም።» ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች፣ ከዚያ አጠገቧ ለቆመ ሌላ ገዢ ዋጋ መናገር ጀመረች። ልብስ ሰፊዋ መሄድ ይሁን መቆየት ግራ ገብቷት ስታመነታ፣ አትክልት ሻጯ ፊቷን ሳታዞር «ስብሰባው ስምንት ሰዓት ነው» አለቻት።

ስብሰባው የሚካሄደው አራተኛ ክፍል ውስጥ ነበር። ትልልቅ ሴቶች ጉልበታቸውን አጥፈው በልጆች ወንበር ላይ ተጠቅጥቀዋል፤ ልጆቻቸው እንደ ወትሯቸው ሳይንጫጩ አጠገባቸው ቆመዋል። የኮሚቴዋ ሰብሳቢ ዳቦ ጋጋሪዋ ናት፤ ክንዷ ላይ ዱቄት አለ፣ ደብተር ይዛለች። ርዕሰ መምህሩ ሰዓቱን ያያል። ወንድምየው ጥቁር ሰሌዳውን ተደግፎ፣ በተተኮሰው ሸሚዙ፣ በተረጋጋ ድምፅ ሲናገር ደረሰች። ሥነ ሥርዓት የሌለበት ትምህርት ቤት ገበያ ነው አለ። ልጆቹን እንደ ልጆቼ ነው የማያቸው አለ። ማስረጃ ያለው ይኸው መድረኩ አለ። በዚህ መካከል ዓይኑ በሩ ላይ አረፈና እህቱን አየ፤ ፊቱ በራ። «እታለም፣ ምን ረስቼ ነው?» አላት፤ ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ቁርሱን ጥሎ የወጣ ቀን አምጥታለት ታውቃለችና፣ ሌላ ምክንያት አልመጣበትም። ወንድሟን ትወደዋለች። በዚያች ሰዓት ዞር ብላ መውጣት ትችል ነበር፣ ማንም ምንም አይላትም ነበር።

«የልጆቹን ሸሚዝ በግራ ትከሻ በኩል ገልብጣችሁ ከውስጥ እዩት» አለች። ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ከደንበኛ ጋር ካልሆነ በቀር በሰው ፊት ተናግራ አታውቅም።

አትክልት ሻጯ ልጇን ወደ ራሷ ሳበችና አንገትጌውን ገለበጠች። ጣቷን በስፌቱ ላይ ሄድ መለስ አደረገች። ቀጥሎ ያለችው እናት የራሷን ልጅ፣ ከኋላ ያለው አባት የራሱን። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የጨርቅ ድምፅ ብቻ ሆነ። «እዚህም አለ» አለ አንዱ። «እዚህም።» ዳቦ ጋጋሪዋ በዱቄታም ጣቷ ቆጠረች፤ ከሃያ ስድስት ልጆች የአሥራ ዘጠኙ። ርዕሰ መምህሩ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ልብስ ያረጃል፣ ልጆች ይጫወታሉ አለ።

«ሰው ሲያረጅ ጉልበቱን ነው የሚያመው፤ ልብስም የሚያረጅበት ቦታ አለው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ክርኑ ይሳሳል፣ ብብቱ ይተረተራል፣ ኪሱ ይገነጠላል። ሠላሳ አራት ዓመት ሰፍቻለሁ፤ ግራ ትከሻ ብቻውን አያረጅም። ይህ ከኋላ በግራ እጅ የተያዘ ልጅ ልብስ ነው። መጨረሻው ላይ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ የተመለሰ ክር ታያላችሁ፤ የኔ እጅ ነው። ሁሉንም የሰፋሁት እኔ ነኝ። ልጆቹን ወደኔ የሚልካቸው ወንድሜ ነው። ዛሬም አራት ሰዓት ላይ ልኮልኛል።»

ወንድምየውን አላየችውም፤ ለማየት አልደፈረችም። ከፊት ያለችው የአትክልት ሻጯ ልጅ ናት መጀመሪያ የተናገረችው፤ «እኔ ነኝ የዛሬዋ» አለች፣ ስም ሲጠራ አቤት እንደማለት ያህል። ከዚያ ትንሹ ልጅ ስለ ዕቃ ቤቱና ስለ ጎማው ተናገረ። ከዚያ ሌላው። አንዱ ሲናገር ሌላው አፉ ይፈታል፤ የወደቀ ልጅ ግን አንድም አልነበረም። ወንድምየው ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ በእህቱ አጠገብ አልፎ ወጣ። ሲያልፍ ልብሷ ልብሱን ነካው።

የቀረው የዳቦ ጋጋሪዋ ሥራ ነበር፣ እሷ ደግሞ ሊጥ እንዲቆይ አትወድም። ነገሩ ዛሬውኑ ለፖሊስ ይነገራል። ሰውየው ግቢውን አይረግጥም። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ከኮሚቴው ዘንድ ይሆናል። ከነገ ጀምሮ ከመጀመሪያው ደወል እስከ መጨረሻው ሁለት ሁለት ወላጅ በተራ ግቢው ውስጥ ይቀመጣል፤ የተከፋ ልጅ ወደ እነሱ ይሄዳል፣ ወድቄ ነው ያለ ልጅ ደግሞ የት እንደወደቀ ይጠየቃል። ርዕሰ መምህሩ ይህ በአሠራራችን የለም ሊል ሞከረ። «አሁን አለ» አለችው፣ መጻፏን ሳታቋርጥ። እጆች ተነሱ፤ ማክሰኞ እኔ፣ ረቡዕ እኔ። ልብስ ሰፊዋም እጇን አነሳች። ከኋላ አንዲት ሴት፣ ለጎረቤቷ ይሁን ለሁሉም ሳይለይ፣ «ሁለት ዓመት ስትሰፋ የት ነበረች?» አለች። ዳቦ ጋጋሪዋ የልብስ ሰፊዋን እጅ አየችው። እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ ትንሽ ቆመ። «የአንቺን ቆይተን እንነጋገርበታለን» አለችና ወደሚቀጥለው ስም ሄደች። ልብስ ሰፊዋ አልከፋትም ማለት አይቻልም። ግን ከኋላ የተናገረችው ሴት ተሳስታለች ማለትም አልቻለችም። እጇን አውርዳ ሌሎቹ ተነጋግረው እስኪጨርሱ በሩ አጠገብ ቆየች፣ ከዚያ ብቻዋን ወጣች።

ቤት ስትደርስ የውስጠኛው ክፍል በር ክፍት ነው። ወንድምየው አልጋው ላይ ሻንጣውን ዘርግቶ ልብሱን ያስገባል፤ ሁሉም እሷ የተኮሰችው፣ እሷ ያጠፈችው ነው። ምስሩን ጣደች። ወፍራም እንዲሆን ውሃውን ቀነሰች፣ ሁለት ሳህን አወጣች፣ ሁለት ማንኪያ። ምን ልበለው እያለች ታማስላለች። ይቅርታ እንዳትለው ያጠፋችው ነገር የለም፤ እንዳትቆጣው ደግሞ ቁጣ የሚለውን ነገር ከሱ ጋር ጀምራው አታውቅም። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወርዳ የሙሽራዋ ቀሚስ ጫፍ ላይ ቀርታለች። ሻንጣው ሲቆለፍ ሰማች።

ዞር ስትል በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው። ሊጮህባት ነው ብላ ትከሻዋን ሰበሰበች፤ እሱ ግን አልጮኸም።

«የኔንም እኮ ትሰፊልኝ ነበር» አላት።

ማማሰሏን አቆመች።

«ሁለተኛ ክፍል ሆኜ። አስተማሪው ሲገርፈኝ ሸሚዜ ይቀደዳል፣ አባባ የተቀደደውን ካየ ምን አጥፍተህ ነው ብሎ ይደግመኛል። እና አንቺ ቶሎ ብለሽ፣ እሱ ሳይመጣ፣ ኩሽና ውስጥ ቁጭ ብለሽ ትሰፊልኛለሽ። ‹በቃ፣ አይታይም› ትዪኛለሽ።» አርባ አንድ ዓመት የሆነው ሰው ፊት ላይ፣ ያ ሰባት ዓመቱ የነበረ ልጅ መጥቶ ቆሟል። «ያኔ ለምን ዝም አልሽ? ለኔ ለምን ስብሰባ አልጠራሽልኝም?»

ያኔ እኔም የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ ልትለው ትችል ነበር። ማን ይሰማኝ ነበር ልትለውም ትችል ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። ግን የጠየቃት ሌላ ነገር ነው።

«ፈርቼ ነበር» አለችው።

«ዛሬስ?»

«ዛሬም ፈርቻለሁ።»

ሻንጣውን አነሳና ወደ ደረጃው ወጣ። የመጀመሪያው እርከን ላይ ጀርባውን እንደሰጣት ቆመ። የሚጠብቀውን ታውቃለች። አንዲት ቃል ናት፤ አትሂድ። ብትለው ይመለሳል፣ ምስሩን ይበላል፣ ጨው አንሶታል ይላል፣ ነገ ጠዋት እንዴት አደርሽ የሚላት ሰው ይኖራል፤ ዛሬ የሆነውም እንደ ሌላው ሁሉ በሁለቱ መካከል ዝም ተብሎ ይሰፋል። ቃሏ ጉሮሮዋ ድረስ መጣች። ልብስ ሰፊዋ አፏን በመዳፏ ከደነችው፣ እግሩ የመጨረሻውን ደረጃ ጨርሶ መንገዱን እስኪረግጥ ድረስም መዳፏን አላነሳችም።